«የት ተጽፏል?» ለሚሉ ጀማሪዎች መገለጥን ከየት እንጀምር? (ከነመልሶቹ)

ይህን የመድረክ ውይይት (ክሩን) የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን በጣም ስለረዘመ፣ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ሌላ ካልተባለ በቀር ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጥያቄ

ለንዑሰ ክርስቲያን (ለጥምቀት ለሚዘጋጅ ሰው) ስለ መለኮታዊ መገለጥ፣ ማለትም እግዚአብሔር ራሱን ለሰው ስለ መግለጡ፣ እና ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ለማስተማር አራት ክፍለ ጊዜ ብቻ አለን እንበል። እዚህ አገር ከተማሪው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «የት ተጽፏል?» ነው። መምህሩም ደንገጥ ብሎ ጥቅስ ፍለጋ ገጽ ያገላብጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ይመስለኛል፤ ጥቅሱ ቢገኝም ባይገኝም፣ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም የሚለውን ሐሳብ መምህሩ ሳያውቀው ተቀብሎታል። የካቶሊክ ትምህርት ግን መነሻው መጽሐፍ አይደለም፤ የሚናገር አምላክ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይምጣ እላለሁ። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

መልስ 1

ተስማምቷል፤ በትሕትናም አንድ ነገር ጨምሯል። የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ ስለ መገለጥ ያወጣው ሰነድ፣ ዴይ ቬርቡም (ከዚህ በታች «አንቀጽ» ሲባል የዚህ ሰነድ ነው)፣ በአንቀጽ 2 መገለጥ በሥራና በቃል እንደሚፈጸምና ሁለቱም የተሳሰሩ እንደሆኑ ያስተምራል። ለጀማሪ የቀይ ባሕርን መሻገር ምሳሌ አድርጉለት ይላል። ሥራው ያለ ቃሉ ሲታይ ሌሊቱን የነፈሰ የምሥራቅ ነፋስ ብቻ ነው፤ ቃሉም ያለ ሥራው ባዶ ተስፋ ይሆናል። ከዚያ ዕብራውያን 1፥1-2ን ማንበብ ነው፤ በነቢያት በብዙ መንገድ የተናገረው አምላክ በመጨረሻ በልጁ ተናገረ። ትምህርተ ክርስቶሱም (ካቴኪዝሙ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት መጽሐፍ) በቁጥር 108 ክርስትና «የመጽሐፍ ሃይማኖት» እንዳልሆነ በግልጽ ጽፏል። የእግዚአብሔር ቃል የሚባለው በመጀመሪያ ሥጋ የለበሰው ነው።

መልስ 2

ጸሐፊዋ በቀጥታ ወደ ሥራ ገባች። ሰነዱ 26 አንቀጽና ስድስት ምዕራፍ ብቻ ያለው አጭር ጽሑፍ ስለሆነ እንዲህ ይከፈል አለች። በመጀመሪያው ቀን አንቀጽ 2-6፣ እግዚአብሔር ራሱን መግለጡና የሰው እምነት። በሁለተኛው 7-10፣ መገለጡ እንዴት እየተላለፈ እንደመጣ። በሦስተኛው 11-13፣ መጻሕፍቱ በመንፈስ ቅዱስ መጻፋቸውና አተረጓጎማቸው። በአራተኛው 14-20ን ሮጥ ሮጥ ብሎ አልፎ 21-26 ላይ መቆም፣ ከዚያም መጽሐፉን ገልጦ አብሮ ማንበብ። በየቀኑ ጮክ ተብሎ የሚነበበው ከሁለት አንቀጽ አይብለጥ፤ ቋንቋው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሦስተኛው ላይ ሰው ያንቀላፋል ብላለች። እውነቷን ነው።

ዕቅዱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለሁለተኛው ቀን የሰጠችው ርዕስ «ሁለቱ የመገለጥ ምንጮች» የሚል ነበር። ክሩ የተሟሟቀውም በዚህ ርዕስ ነው።

መልስ 3

ይህን ርዕስ ከሰሌዳው ላይ አጥፉት ብሎ ጀመረ። በኅዳር 1962 ለጉባኤው የቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ ስሙ ራሱ «ስለ መገለጥ ምንጮች» ነበር። ውይይቱ ይቋረጥ ወይስ ይቀጥል ተብሎ ኅዳር 20 ድምፅ ሲሰጥ 1368 አባቶች ይቋረጥ፣ 822 ይቀጥል አሉ። ይቋረጥ ያሉት ብዙ ቢሆኑም ሁለት ሦስተኛ አልሞሉም፤ በደንቡ መሠረት ውይይቱ መቀጠል ነበረበት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ግን በማግስቱ ጣልቃ ገብተው ረቂቁን አነሱትና፣ በካርዲናል ኦታቪያኒና በካርዲናል ቤያ ለሚመራ የጋራ ኮሚሽን ሰጡት። ሰነዱ ኅዳር 18 ቀን 1965 የጸደቀው በ2344 ድምፅ ሲሆን የተቃወሙት 6 ብቻ ነበሩ።

የድምፁ ቁጥር ለጀማሪ ምን ይጠቅማል ለሚለው መልሱ እንዲህ ነው። አንቀጽ 9 ቅዱስ ትውፊትና (ከሐዋርያት ጀምሮ ሲተላለፍ የመጣው ትምህርት) ቅዱስ መጽሐፍ ከአንድ መለኮታዊ ምንጭ እንደሚፈልቁ ያስተምራል። ምንጩ አንድ፣ መተላለፊያው ሁለት ማለት ነው። «ሁለት ምንጭ» ያልከው ተማሪ ወዲያው በሐሳቡ ሁለት ጆንያ ይይዛል፤ ግማሹ እውነት በመጽሐፉ ጆንያ፣ ግማሹ በትውፊቱ። ቀጥሎም በሁለተኛው ጆንያ ውስጥ ያለውን ዘርዝሩልኝ ይላል። ማንም ዘርዝሮ አይጨርስለትም፤ ትውፊት የዕቃ ዝርዝር አይደለምና። በሉተር ዘመን የተሰበሰበው የካቶሊክ ጉባኤ፣ የትሬንት ጉባኤም፣ በ1546 ረቂቁ ላይ የነበረውን «በከፊል በዚህ፣ በከፊል በዚያ» የሚል አነጋገር አውጥቶ በ«እና» ብቻ እንደተካው ጠቅሷል።

መልስ 2 በሚቀጥለው ቀን ርዕሱን «አንድ ምንጭ፣ ሁለት መተላለፊያ» ብላ አስተካክላ አመስግናለች። በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ እምብዛም አይታይም።

መልስ 4

ይኸኛው ቁጣ ቢጤ ነበረበት። ማርቆስ 7፥8ን ጠቅሶ፣ ጌታ ራሱ የሰውን ወግ የሙጥኝ ያሉትን ገሥጿል፤ ታዲያ እናንተ ትውፊት እያላችሁ ያንኑ ወግ በጓሮ በር ታስገባላችሁ የሚል ነው። ስድብ አልነበረበትም፤ የመጨረሻው መስመር ግን ከጥያቄ ይልቅ ክስ ነበር።

መልስ 5

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይኸኛው ነው፤ ጠብ ሳይገጥም ቃሉን ብቻ ስለተከተለ። በ1954 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማርቆስ 7፥8ንና 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥15ን ጎን ለጎን ክፈቱ ይላል። በመጀመሪያው ጌታ የሰውን ወግ የሚጠብቁትን ይገሥጻል። በሁለተኛው ጳውሎስ «በቃላችንም ቢሆን ወይም በመልእክታችን የተማራችሁትን ወግ ያዙ» ብሎ ያዝዛል። አማርኛው በሁለቱም ቦታ «ወግ» ነው፤ ግሪኩም በሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ነው፣ ፓራዶሲስ፤ እጅ በእጅ የሚተላለፍ ነገር። ስለዚህ ጥያቄው ወግ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ አይደለም፤ ወጉ የማን ነው፣ ከማንስ ተቀበላችሁት ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥3 የተቀበለውን አሳልፎ እንደሰጠ ሲናገርም ስለዚሁ ነው የሚያወራው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አራቱ ወንጌሎች ገና አልተጻፉም።

ቀጥሎ ጀማሪዎች የሚደናቀፉበትን ለየ። የሐዋርያት ትውፊትና የቤተ ክርስቲያን ልማዶች አንድ አይደሉም (ካቴኪዝሙ ቁጥር 83)። የጾም ቀናት ብዛት፣ የቅዳሴ ቋንቋ፣ በላቲን ሥርዓት ካህን አለማግባቱ፣ እነዚህ ሊለወጡ የሚችሉ ናቸው፤ በምሥራቅ ሥርዓት ያገባ ሰው ይቀሰሳል። የክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት ወይም ሕፃናትን ማጥመቅ ግን እንዲህ አይደሉም። መምህሩ ሁለቱን በአንድ ቋት ካፈሰሳቸው፣ አንድ ልማድ በተለወጠ ቀን ተማሪው እምነቱ የተለወጠ ይመስለዋል።

መልስ 4 እንደገና አልመጣም።

መልስ 6

ወደ መጻሕፍቱ ቁጥር ተሻገረ። የካቶሊክ ቀኖና (ቅዱሳት ተብለው የተቀበሉት መጻሕፍት ዝርዝር) 73 ነው፤ 46 ብሉይ፣ 27 አዲስ። ዝርዝሩ በፍሎረንስ ጉባኤ በ1442 ለግብጻውያን በተጻፈው የኅብረት ቡላ (የጳጳስ ዐዋጅ) ላይ ሠፍሯል፤ ሚያዝያ 8 ቀን 1546 ደግሞ በትሬንት በውሳኔ ጸና። ስለዚህ ሉተርን ለመቃወም በትሬንት ሰባት መጻሕፍት ተጨመሩ የሚለው ወሬ ቢያንስ በመቶ ዓመት ይሳሳታል። በ66ቱ (በፕሮቴስታንቶቹ መጽሐፍ ቅዱስ) ውስጥ የማይገኙት ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክ፣ 1ኛና 2ኛ መቃብያን ናቸው፤ በአስቴርና በዳንኤል ውስጥም ተጨማሪ ክፍሎች አሉ። የሠለስቱ ደቂቅ መዝሙርና ሶስና ያሉት እዚያ ነው።

እስከዚህ ጥሩ። መደምደሚያው ላይ ግን ለተማሪዎቹ 81ዱን መጽሐፍ ቅዱስ ግዙላቸው፣ ስምንቱን ዝለሉት፣ በቃ 73 ይሆናል ብሎ ጻፈ።

መልስ 7

ሒሳብ ተማሪ እንዲህ ይቀንሳል፤ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ግን አይቀንስም በሚል መንፈስ ተጀመረ፤ ከዚህ ትንሽ ለስለስ ቢል ኖሮ ምንም አይጎድልበትም ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን እያንዳንዱ መምህር ሊያውቀው የሚገባ ነው። የኢትዮጵያው መቃብያንና በካቶሊክ ቀኖና ያለው መቃብያን ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አንድ አይደለም። መለያው የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ ታሪኩ በመቄዶንያዊው እስክንድር ከጀመረ የካቶሊኩ 1ኛ መቃብያን ነው፤ ጺሩጻይዳን በሚባል ኃጢአት ወዳድ ንጉሥ ከጀመረ የኢትዮጵያው ነው። የይሁዳ መቃቢስና የወንድሞቹ ጦርነት፣ የቤተ መቅደሱ መንጻት፣ ለሙታን የቀረበው ጸሎት (2ኛ መቃብያን 12) በኢትዮጵያው ውስጥ የሉም። ለሙታን ስለመጸለይ ልታስረዳ ተነሥተህ ተማሪው የያዘው ጺሩጻይዳንን ከሆነ፣ ምዕራፍ 12 ላይ ሁለታችሁም ትፈዛላችሁ።

በተጨማሪም 81 የሚለው ቁጥር በአቆጣጠር የሚመጣ ነው፤ የተጣመሩ መጻሕፍት አሉ፣ የሥርዓት መጻሕፍትን የሚያካትት አቆጣጠርም አለ። ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ማውጫውን እዩ፣ ቀጥሎ የመቃብያንን የመጀመሪያ ገጽ ግለጡ።

መልስ 8

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አንባቢ መሆኑን ገልጾ በጨዋ ደንብ ገባ። በ81ዱ ውስጥ ያሉት ሄኖክና ኩፋሌ «ትርፍ» መባላቸው ቅር አሰኝቶታል፤ ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 ሄኖክን መጥቀሱንም አስታወሰ። (ከላይ ማንም «ትርፍ» አላለም፤ የመልስ 6 «ዝለሉት» ግን እንደዚያ ቢሰማ አይገርምም።)

መልስ 9

ለመልስ 8 ይቅርታ ጠይቆ የካቶሊክን አስተያየት አስረዳ። መጠቀስ ብቻውን ቀኖናዊ አያደርግም፤ ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 17፥28 የግሪክ ባለቅኔ ቃል ጠቅሷል። ቀኖናን የምትለየው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ይህንንም በሐዋርያዊው ትውፊት ታደርገዋለች (አንቀጽ 8)። ደግሞም ይህ ነጥብ ራሱ ለመክፈቻው ጥያቄ መልስ ይሰጣል አለ፤ የትኛውም መጽሐፍ በውስጡ የ73ቱን ወይም የ66ቱን ማውጫ አልያዘም። «የት ተጽፏል?» ለሚል ሰው ማውጫውስ የት ተጽፏል ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ይቻላል። በእርጋታ የሚለው ቃል ላይ አስምሮበታል።

መልስ 10 እና 11

ከመንገድ ወጡ፤ ደስ በሚል አወጣጥ ግን። አንዱ በግእዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት መሆኑን አነሣ። ሌላው ተከትሎ የግእዙ ሐዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ በ1548-49 በአባ ተስፋ ጽዮን ትጋት እንደታተመ ጨመረ፤ የትሬንት አባቶች ቀኖናውን ከወሰኑ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አወያዩ ለዚህ ሌላ ክር ክፈቱ አለ፤ የከፈተ የለም።

መልስ 12

ዘሌዋውያን 11፥6 ጥንቸል ያመሰኳል ይላል፤ ጥንቸል ግን አያመሰኳም። መጽሐፉ ስሕተት የለበትም ካላችሁ ይህን ምን ታደርጉታላችሁ? ብሎ በአንድ መስመር ጠይቆ ሄደ።

መልስ 13

የመለሰችው ሰው ጉዳዩን እስከ ጉባኤው አዳራሽ ይዛው ገባች። ጥቅምት 2 ቀን 1964 የቪየናው ካርዲናል ኮይኒግ በአባቶቹ ፊት ቆመው ከጥንቸሉ የሚከብዱ ምሳሌዎች አነሡ። ማርቆስ 2፥26 ዳዊት የመሥዋዕቱን ኅብስት የበላው አብያታር ሊቀ ካህናት ሳለ ነው ይላል፤ በ1ኛ ሳሙኤል 21 ግን ካህኑ የአብያታር አባት ነው። ማቴዎስ 27፥9 ኤርምያስ ብሎ የጠቀሰው ቃል በዘካርያስ ይገኛል። የጉባኤው መልስ መጽሐፉ ይሳሳታል ማለት አልነበረም፤ መጽሐፉ ሊነግረን የተጻፈው ምንድን ነው የሚለውን ማጥራት ነበር። አንቀጽ 11 እግዚአብሔር ስለ መዳናችን በመጻሕፍቱ እንዲጻፍ የወደደውን እውነት በጽኑ፣ በታማኝነትና ያለ ስሕተት እንደሚያስተምሩ ይመሰክራል።

ከዚያ ሁለት ወጥመድ አሳየች። አንደኛው፣ «ስለ መዳናችን» የሚለውን ሐረግ መቀስ ማድረግ ነው፤ «ይህ ለመዳን ነው፣ ያ ለመዳን አይደለም» እያሉ ቁጥር በቁጥር መቁረጥ። አንቀጹ እንዲህ አይፈቅድም፤ መጽሐፉ ሁሉ፣ ከነክፍሎቹ፣ የመንፈስ ቅዱስ ነው። ሁለተኛው፣ ጥንቸሏ ታመሰኳለች ብሎ የእንስሳት ሳይንስ መፍጠር ነው። ዘሌዋውያን የሚበላና የማይበላውን የሚለየው በዓይን በሚታየው ነው፤ ጥንቸል አፏን ስታንቀሳቅስ የምታመሰኳ ትመስላለች። አንቀጽ 12 የጽሑፉን ዓይነት መርምሩ የሚለው ለዚህ ነው፤ ታሪክ፣ ትንቢት፣ ቅኔና ሕግ እውነትን የሚናገሩበት መንገድ የተለያየ ነው።

መልስ 14

ስለ አተረጓጎም ሲነሣ አንድምታን (የአገራችንን ነባር የመጻሕፍት ትርጓሜ) የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ካቴኪዝሙ ከ115 እስከ 119 የሚያስቀምጣቸውን የንባብ ትርጉሞች በኢየሩሳሌም አስረዳ፤ በጥሬው የአይሁድ ከተማ፣ በምሥጢር ቤተ ክርስቲያን፣ በምግባር የሰው ነፍስ፣ በተስፋ ሰማያዊቱ አገር። ለእኛ ጆሮ ይህ «አንድም» እንደሚለው መምህር ይሰማል፤ ነገር ግን ልዩነቱን ንገሯቸው ይላል። በአንድምታ «አንድም» ሌላ ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ የንባብ ልዩነት ወይም ታሪካዊ ማብራሪያም ሊሆን ይችላል። አራቱ ግን ደረጃ አላቸው፤ ሌሎቹ ሁሉ በጥሬው ንባብ ላይ ይቆማሉ (116)። ጀማሪ ወደ ምሥጢሩ ዘሎ ሲሄድ ጥሬውን ይረግጠዋል፤ ከዚያ ጥቅሱ እንደ ፈለገው ይጠመዘዝለታል።

መልስ 15

ያለ ምንም መግቢያ፣ በቴሌግራም የሚዞር «የእመቤታችን አስቸኳይ መልእክት» ለጠፈ። ለአሥር ሰው ካልላክህ የሚለው ዓይነት።

መልስ 16

አወያዩ መልእክቱን ሳያጠፋው አንድ ካህን ደረሱበት፤ ቃላቸው ቀጠን ያለ ነበር። የሁሉም የሆነው መገለጥ በክርስቶስ ተፈጽሟል፤ ጌታ በክብር እስኪገለጥ ድረስ አዲስ አይጠበቅም (አንቀጽ 4)። ሉርድ (1858) ወይም ፋጢማ (1917) ቤተ ክርስቲያን ብትቀበላቸውም የእምነት መዝገብ አካል አይደሉም፤ ወንጌልን በዘመኑ እንድንኖር ይረዳሉ እንጂ አያሟሉትም (ካቴኪዝሙ 67)። በግንቦት 2024 ከቫቲካን የወጣው ደንብ ደግሞ ስድስት ዓይነት ውሳኔ አስቀምጧል፤ ከፍተኛው «የሚከለክል ነገር የለም» የሚል ነው፤ ጳጳሱ ነገሩ ከሰማይ ለመሆኑ ማረጋገጫ መስጠት አይጠበቅባቸውም። ማስፈራሪያ ይዞ በስልክ የሚመጣ መልእክት ግን ደንቡን ማየት እንኳ አያስፈልገውም፣ አጥፉት፣ አሉ።

መልስ 17

እንግዲህ ጳጳሱ ከመጽሐፍ በላይ ናቸው ማለት ነው? ብሎ ሽሙጥ የቀላቀለ ጠየቀ። የመልስ 16ቱ አባ በሁለት መስመር መለሱለት፤ አንቀጽ 10 የቤተ ክርስቲያን የማስተማር ሥልጣን ከእግዚአብሔር ቃል በላይ አይደለም፣ ያገለግለዋል፣ የተረከበውን ብቻ ያስተምራል ይላል። የጋዛውን መንገድና ጃንደረባውንም አነሡለት፤ ኢሳይያስን በእጁ ይዞ ሳለ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ያለውን ሰው።

መልስ 18

መልስ 2 ተመልሳ ለአራተኛው ቀን የንባብ ቅደም ተከተል አወጣች። ከዘፍጥረት አትጀምሩ፤ ጀማሪ ዘፀአት 25 ላይ፣ የድንኳኑ ልኬት ሲጀምር፣ መጽሐፉን ይዘጋል። ማርቆስን በሁለት ሰዓት ገደማ በአንድ ቁጭታ ጨርሱ፤ ከዚያ ሉቃስና የሐዋርያት ሥራ፤ ቀጥሎ ዘፍጥረት እስከ ዘፀአት 20፤ በየማታው አንድ መዝሙር። በግእዝ ሥርዓት የሚያስቀድሱ ደግሞ በቅዳሴ የሚነበቡትን፣ ከጳውሎስ፣ ከሐዋርያት መልእክቶች፣ ከግብረ ሐዋርያትና ከወንጌል፣ አስቀድመው ቤታቸው ያንብቡ። ከንባብ በፊት ጸሎት፤ አንቀጽ 25 እንደሚለው።

መልስ 19

መዝሙር ካዘዛችሁ ቁጥሩን አስተካክሉ እንጂ፣ ግማሹ 22 ግማሹ 23 ይከፍታል አለ። ልክ ነው። «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» (እግዚአብሔር እረኛዬ ነው) በዳዊቱ 22 ነው፤ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 23። ግሪኩና ግእዙ የዕብራይስጡን 9ና 10 አንድ መዝሙር ስለሚያደርጉ፣ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው በአንድ ይቀንሳል፤ 147 ላይ እንደገና ይከፈልና ከ148 እስከ 150 ይገጥማል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ቁጥር፣ ወይም የመጀመሪያውን ቃል ጻፉ።

መልስ 20

ለመልስ 19፦ 114ና 115ን ረስተሃል፤ እዚያም ይጣመራሉ፣ 116 ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። መልስ 19 «አብዛኛው» ብያለሁ ብሎ መለሰ። እስካሁን በዚህ ላይ ናቸው።